ሥዕሉ ይቅደም፦ ስለ ሠዓልያን ድረ ገጾች እድሳትና ስለ መስተጋብራዊ ንድፍ

አንድ ሠዓሊ የሥራ ማሳያ ድረ ገጹን ለማሳደስ ሲነሣ ችግሩን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ይገልጸዋል፤ «አርጅቷል» ይላል። ዲዛይነሩም «ሕይወት እንዝራበት» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የማውዙን ቀስት ተከትለው የሚንሳፈፉ ቅርጾች፣ ገጹ ወደ ታች ሲገፋ የሚገለባበጡ ምስሎች፣ ሲነኩ የሚደምቁና የሚደበዝዙ ሥዕሎች ይመጣሉ። እድሳቱ ሲጠናቀቅ ድረ ገጹ በእርግጥ አዲስ ይመስላል። ሥዕሎቹ ከቀድሞው ይልቅ በደንብ ይታያሉን? የሚለው ጥያቄ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ጥያቄ ወደ ፊት ማምጣት ነው። መከራከሪያዬ አጭር ነው። በሠዓሊ ድረ ገጽ ላይ የሚገባ መስተጋብራዊ አካል ሁሉ፣ ፎቶግራፍ ከሥዕሉ የነጠቀውን አንድ ነገር ለተመልካቹ መመለስ አለበት፤ የማይመልስ ከሆነ ቦታ ሊሰጠው አይገባም። የሚመልስ ቢሆን እንኳ፣ እርሱ በማይሠራበት ጊዜ ሥዕሉና መግለጫው ሳይጎድሉ መገኘት አለባቸው። «መስተጋብራዊ» ስል ተመልካቹ ሲነካው፣ ሲገፋው ወይም ሲያንቀሳቅሰው ምላሽ የሚሰጥ ማንኛውንም የእይታ አካል ማለቴ ነው።

ጉዳዩ የውበት ምርጫ ብቻ አይደለም። በአገራችን የታተመ ካታሎግ የሌላቸው ሠዓልያን ብዙ ናቸው። የተሸጠ ሥዕል ወደ ግል ቤት፣ ወደ ሆቴል ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ በሠዓሊው እጅ የሚቀረው ፎቶግራፉና ስለ ሥራው የጻፋቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት ላይ ሳለ በአሜሪካ አረፈ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በሁለቱ መካከል 27 ዓመት አለ። የአንድ ሠዓሊ መዝገብ ከሠዓሊው ዕድሜ አልፎ መቆየት የሚኖርበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ለዛሬው ሠዓሊ ይህ መዝገብ በአብዛኛው ድረ ገጹ ነው። እኛ የንድፍ ተማሪዎች «እናድስልህ» ስንለው የምንነካው ይህንን መዝገብ ነው።

ከፍላሽ የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ብዙ የሠዓልያንና የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ድረ ገጾች የተሠሩት ፍላሽ በተባለው ሶፍትዌር ነበር። መግቢያው ላይ ሙዚቃ ይሰማል፤ ስም ከጨለማ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሥዕሎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣሉ። በዘመኑ ይህ የሙያ ብቃት ማሳያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው አይፎን ግን ፍላሽን አልተቀበለም። አዶቢ ኩባንያም ለፍላሽ ማጫወቻ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 አቋረጠ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮም ማጫወቻው ራሱ ይዘት እንዳያሳይ ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ በተለምዶ የሚወሰደው ትምህርት «ቴክኖሎጂ ያረጃል» የሚል ነው። አባባሉ እውነት ቢሆንም ዋናውን ነገር ይስታል። የጠፋው እንቅስቃሴው ብቻ አልነበረም። በብዙዎቹ ድረ ገጾች የሠዓሊው ስም፣ የሥዕሎቹ ርዕስ፣ መጠናቸውና ዓመታቸው፣ የመገናኛ አድራሻው ሳይቀር በአንድ የፍላሽ ፋይል ውስጥ ታሽገው ስለ ነበር፣ ማስዋቢያው ሲሞት መዝገቡም አብሮት ሞተ። ኢንተርኔት አርካይቭ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የፍላሽ ሥራዎችን አስመስሎ በሚያጫውት ፕሮግራም አማካይነት ዳግም እንዲታዩ አድርጓል፤ ይህ ግን የሚጠቅመው ፋይሉን ጠብቆ ያቆየ ሰው ለነበረው ሥራ ብቻ ነው።

በአንጻሩ ኦልያ ሊያሊና እ.ኤ.አ. በ1996 የሠራችውና ርዕሱ «ፍቅረኛዬ ከጦርነት ተመለሰ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የድር ሥነ ጥበብ ሥራ ዛሬም በብራውዘር ይከፈታል። ሥራው መስተጋብራዊ ነው፤ ተመልካቹ በተጫነው ቁጥር ገጹ እየተከፋፈለ ታሪኩ ይቀጥላል። የተገነባው ግን በድር መሠረታዊ ቋንቋ በኤች ቲ ኤም ኤል፣ በጽሑፍና በትናንሽ ምስሎች ነው። ስለዚህ የፍላሽ ድረ ገጾችን የገደላቸው መስተጋብራዊነት አይደለም። የገደላቸው ይዘቱ ከማስዋቢያው ተለይቶ ለብቻው መቆም አለመቻሉ ነው። ዛሬ ድረ ገጹን በሙሉ በአንድ የኮድ ቤተ መጻሕፍት ላይ አንጠልጥለን፣ ኮዱ ካልተጫነ ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ እንዲታይ አድርገን ስንሠራ፣ ያንኑ ስሕተት በአዲስ መሣሪያ እየደገምን ነው።

ስክሪን ከሥዕል የሚነጥቀው

ታዲያ መስተጋብራዊ አካል ምን ይመልስ? ለዚህ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ ሥዕል ወደ ስክሪን ሲገባ ምን እንደሚያጣ መቁጠር ይገባል። እኔ አራት ነገሮችን አያለሁ፤ መጠን፣ ገጽታ፣ ብርሃንና የጊዜ ቅደም ተከተል።

ከመጠን እንጀምር። በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ ለሚገኝ ሕንፃ መግቢያ አዳራሽ የሠራችው «ሙራል» የተሰኘ ሥዕል ወደ 24 ሜትር የሚጠጋ ወርድና 7 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ይህ ሥዕል 7 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው የስልክ ስክሪን ላይ ሲቀመጥ ወደ 350 ጊዜ ገደማ ያንሳል። በሸራው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ የእጅ ምልክት በስልኩ ላይ ከፀጉር ክር የቀጠነ ይሆናል፤ በሌላ አነጋገር አይታይም። በዚያው ስክሪን ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ንድፍ ከጎኑ ብትቀመጥ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ይህን ማረም የሚችል ቀላል መስተጋብራዊ አካል አለ። ተመልካቹ አንድ ምልክት ሲነካ ሥዕሉ በተመጣጣኝ ልክ ከተሳለ የቆመ ሰው ጥላ አጠገብ ይቀመጣል። «በእውነተኛ ልኩ አሳይ» የሚል ቁልፍ ማስገባት ይበልጥ ማራኪ ቢመስልም አያስተማምንም፤ ብራውዘር ሴንቲ ሜትርን የሚያሰላው በራሱ ቀመር እንጂ የስክሪኑን ትክክለኛ ስፋት ለክቶ አይደለምና። የሰው ጥላ ግን በየትኛውም ስክሪን ላይ እውነቱን ይናገራል።

ሁለተኛው ገጽታ ነው። የኤልያስ ስሜ ሥራዎች ከሩቅ ሲታዩ ከሰማይ ላይ የተነሣ መልክዐ ምድር ይመስላሉ። ቀርቦ ላያቸው ግን የተጎነጎኑ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ የኮምፒዩተር ቁልፎችና የተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ናቸው። የሥራው ትርጉም የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ ርቀቶች መካከል በሚደረገው ጉዞ ነው፤ አንድ ቋሚ ፎቶግራፍ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይሰጣል። አቅርቦ የማሳያ ዘዴ እዚህ ላይ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የንባብ መሣሪያ ይሆናል። አሠራሩም የታወቀ ነው። ትልቁ ምስል ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ ተመልካቹ የሚያየው ክፍል ብቻ ከሰርቨሩ ይመጣል። ስለዚህ ስልኩ ሙሉውን ምስል በአንድ ጊዜ እንዲሸከም አይገደድም።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት የተሠራው ከጀርባው በሚመጣ ብርሃን እንዲታይ ነው፤ የጠዋት ፀሐይና የደመናማ ቀን ብርሃን አንድ ዓይነት አያደርጉትም። ለእንዲህ ያለ ሥራ በተለያዩ ሰዓታት የተነሡ ሦስት ፎቶግራፎችን አስቀምጦ ተመልካቹ ከአንዱ ወደ ሌላው በጣቱ እንዲሸጋገር ማድረግ ተገቢ ነው። አንድ ነገር ግን መጠበቅ አለበት። ሦስቱም በእርግጥ የተነሡ ፎቶግራፎች መሆን አለባቸው። በሶፍትዌር የተፈጠረ «የማታ ብርሃን» ተመልካቹን ያሳስታል፤ ሠዓሊው ያላየውን ሥራ በስሙ ማሳየት ነውና።

አራተኛው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ የአገራችን የተለየ ችግርም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ድረ ገጾች የሠዓሊውን ዕድገት የሚያሳይ፣ በጣት የሚገፋ የዓመታት መስመር ያስገባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሥዕሉ ጀርባ ላይ «1967» ብቻ ተጽፎ ቢገኝ የትኛው አቆጣጠር ነው? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሥራው ንጉሡ በመስከረም መባቻ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት የተሠራ ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ደግሞ ከአብዮቱ ሰባት ዓመት አስቀድሞ ነው። ሁለቱን አቆጣጠሮች ሳይለይ የሚያቀላቅል የዓመታት መስመር ምንም ያህል ቢያምር የሐሰት ታሪክ ይናገራል። ስለዚህ ከመስመሩ በፊት መሠራት ያለበት ሥራ ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል በሁለቱም አቆጣጠሮች፣ ያልተረጋገጠውም «በግምት» ተብሎ መመዝገብ አለበት።

ተመላሽ የሌላቸው ጌጦች

ከእነዚህ ከአራቱ ውጭ የሆኑት ብዙዎቹ የፋሽን እንቅስቃሴዎች ለሥዕሉ የሚመልሱለት ነገር የለም። ከመካከላቸው በጣም የተለመደውን ልውሰድ። ሥዕሎቹ በጥቁርና ነጭ ይደረደራሉ፤ ማውዙ ሲያርፍባቸው ቀለማቸው ይመለሳል። በመጀመሪያ፣ በንክኪ ስልክ ላይ «ማረፍ» የሚባል ነገር የለም፤ በስልኩ የሚጎበኘው ሰው ሥዕሎቹን ያለ ቀለም አይቶ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቀለም የሠዓሊው ውሳኔ ነው። ምስልን ለአራት ማዕዘን ሳጥን ሲባል ዳር ዳሩን መቁረጥም እንዲሁ በሥራው ውስጥ መግባት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ከኢኮኖሚያዊ ጥቅሙ በተጨማሪ የሞራል መብትን አውቆለታል፤ ክብሩን ወይም ዝናውን በሚነካ መልኩ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት ከዚህ ውስጥ ይገኛል። የማውዝ ጨዋታ ሁሉ አዋጁን ይጥሳል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ዲዛይነሩ የሌላ ሰው ሥራ በእጁ እንዳለ ሊያስታውሰው የሚገባው መርሕ ይህ ነው።

የገጹን ተፈጥሯዊ አካሄድ ነጥቀው ተመልካቹን በራሳቸው ፍጥነት የሚጎትቱ፣ ከሥዕሉ ጀርባ ሳያቋርጡ የሚንቀሳቀሱ ቅርጾችም ከዚሁ ወገን ናቸው። በተለይ እንቅስቃሴ ራስ የሚያዞርባቸው ሰዎች አሉ፤ ለዚህም ሲባል ዘመናዊ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች እንቅስቃሴን የሚቀንስ ምርጫ አላቸው፤ ድረ ገጽም ይህን ምርጫ አንብቦ መታዘዝ ይችላል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር እንዳይኖር ያሳስባል።

የክብደት ጉዳይም አለ። አንድ ሠዓሊ 60 ሥራዎች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከካሜራ እንደ ወጣ 4 ሜጋባይት ቢሆንና ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ቢጫኑ 240 ሜጋባይት ይሆናል። ለዝርዝር ገጹ ብቻ የተዘጋጁ ባለ 60 ኪሎባይት ትናንሽ ምስሎች ቢሆኑ ግን ስድሳውም በአንድነት 3.6 ሜጋባይት ናቸው፤ ትልቁ ምስል ተመልካቹ ሲመርጠው ብቻ ይመጣል። የዳታ ጥቅሉን በሜጋባይት ቆጥሮ ለሚገዛ ተማሪ ይህ ልዩነት ድረ ገጹን በማየትና ባለማየት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ከዚህ ሁሉ ላይ የሚጫን እንቅስቃሴ ዋጋውን የሚከፍለው ተመልካቹ እንደ ሆነ መዘንጋት የለበትም።

የመግለጫው ጽሑፍና ፊደላችን

እድሳት ሲነሣ ከሁሉ የሚረሳው መግለጫው ነው። ርዕስ፣ ቁስ፣ ልክ፣ ዓመት እና የሚገኝበት ቦታ፤ እነዚህ አምስቱ ከሌሉ ሥዕሉ በስክሪን ላይ የሚያልፍ ምስል ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የአማርኛ ርዕስን በምስል መልክ ለጥፎ ማለፍ ዛሬ ምክንያት የለውም። በምስል የተለጠፈ ርዕስ በፍለጋ አይገኝም፤ ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍን የሚያነብ ፕሮግራምም አያነበውም።

በመስተጋብራዊ አካላት መካከል ለአማርኛ ድረ ገጽ በጣም የሚጠቅመው፣ ነገር ግን የማያንጸባርቀው፣ የፍለጋ ሳጥን ነው። «ፀሐይ» በአንዱ ሰው እጅ «ጸሐይ»፣ በሌላው «ፀሀይ» ተብላ ትጻፋለች፤ ለኮምፒዩተር ሦስቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጥር ያልተደረገ ሳጥን፣ በድረ ገጹ ውስጥ ያለውን ሥዕል «የለም» ብሎ ይመልሳል። ይህን ማስተካከል ጥቂት መስመር ኮድ ነው። በአጭር ሰዓት የሚሠራው ይህ ሥራ ተንሳፋፊ ቅርጾችን ለመሥራት ከሚባክኑ ሳምንታት ይልቅ ለሠዓሊው ይጠቅማል።

ለተቃውሞዎች መልስ

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ድረ ገጹ ራሱ የሥነ ጥበብ ሥራ ሊሆን አይችልምን?» የሚል ነው። ይችላል፤ ከላይ የጠቀስሁት የሊያሊና ሥራ ምስክር ነው። ነገር ግን ያ ሥራ የሠዓሊዋ የራሷ ነው። በሸራና በቀለም የሚሠራ ሠዓሊ እንዲሁ በድር መሥራት ቢፈልግ ሥራው በዝርዝሩ ውስጥ እንደ አንድ ሥራ፣ ከርዕሱና ከዓመቱ ጋር ይግባ። በሌላው ሥዕል ዙሪያ የዲዛይነሩን ሥራ መዘርጋት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያስጨንቃል። ጌጡን ሁሉ ብናስወግድ ሠዓልያኑ ሁሉ በአንድ ዓይነት ነጭ ገጽ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ድርድር ይቀርባሉ፤ ነጭ ግድግዳም ቢሆን ከወገንተኝነት የጸዳ አይደለም፤ የራሱ የአመለካከት ታሪክ ያለው ምርጫ ነው። ይህ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነትነትን ይበልጥ የሚያመጣው ዝግጁው ጌጥ ነው፤ ያው ተንሳፋፊ ቅርጽ በሠዓሊው፣ በሕንፃ ተቋራጩና በቡና ላኪው ድረ ገጽ ላይ እኩል ይገኛልና። «ይህ ሥራ በስክሪን ላይ ምን አጣ?» ብሎ የሚጀምር ዲዛይነር ግን ለሽቦው ሥራ አቅርቦ ማሳያን፣ ለመስታወቱ የብርሃን ሽግግርን፣ ለግድግዳው ሥዕል የመጠን ማነጻጸሪያን ይሠራል። ልዩነቱ ከሥራው ስለ ሚመነጭ ድረ ገጾቹም አይመሳሰሉም።

ምን ይደረግ?

ለንድፍ ትምህርት ክፍሎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የተማሪ ድረ ገጽ ሲገመገም በመምህሩ ትልቅ ስክሪን ላይ ብቻ አይታይ። በርካሽ ስልክ፣ በዘገምተኛ ኔትወርክ፣ ከዚያም የብራውዘሩ ስክሪፕት ጠፍቶ ይከፈት። በሦስተኛው ጊዜ ሥዕሎቹና መግለጫዎቻቸው ከታዩ ሥራው መሠረት አለው ማለት ነው፤ ስለ ውበቱ መነጋገር ከዚያ በኋላ ይሁን።

ለሠዓልያንም እንዲሁ። የድረ ገጹ ስም በራሳችሁ ስም ይመዝገብ። ዲዛይነሩ ሥራውን ሲያስረክብ ከድረ ገጹ ጋር ዋና ፎቶግራፎቹንና የመግለጫውን ሠንጠረዥ በተራ ፎልደር እንዲሰጣችሁ በውላችሁ ውስጥ ይጻፍ። አሮጌው ድረ ገጽ ከመነሣቱ በፊትም ቅጂው ይቀመጥ፤ በውስጡ ያለው መረጃ በአዲሱ ውስጥ መግባቱ አንድ በአንድ ይረጋገጥ። ዲዛይነሩ ስለ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ «ይህ ሥዕሌን እንዴት በተሻለ ያሳያል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ከሌለው፣ እንቅስቃሴው ይቅር።

ለእኛ ለዲዛይነሮች ይህ አነስተኛ ሚና ሊመስል ይችላል። የመጽሐፍ ደጓሽም ሆነ የሥዕል ክፈፍ ሠሪ ሙያው የሚለካው ሥራው በያዘው ነገር ላይ ምን ያህል ጥንቃቄ እንዳደረገ ነው። ድረ ገጹ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና «አርጅቷል» መባሉ አይቀርም። የዚያን ጊዜ የሚመጣው ዲዛይነር ሥዕሎቹን ከነርዕሳቸው፣ ከነልካቸውና ከነዓመታቸው ሳይጎድሉ ካገኛቸው የዛሬው እድሳት ተሳክቷል።